የአባይነሽ ምስክርነት

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሊሻን፤ አንጋጫ፣

ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽስ? ልጆቹ፣ ላሚቱ፣ እንሰቱ፣ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ልመን። እኛ በጌታ ቸርነት አለን። ባሌ ተገኘም ደህና ነው፤ ከቢሮ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ነገር እንዳለ ነው።

ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ። ስልክ ልደውል ብዬ ነበር፤ ጆሮሽ ከከበደ ወዲህ ግን ላንቺ ምስጢር መንገር ማለት ለመናኸሪያው ሁሉ ማወጅ ሆኗል። ባለፈው ስለ ቅቤው ስጮህልሽ ሻይ ቤቴ የገቡት ሹፌሮች ዋጋውን ይነግሩኝ ጀመር። ስለዚህ ይህችን ወረቀት ለአንጋጫው ሚኒባስ ሹፌር እሰጣታለሁ። ብንገናኝ በከምባትኛ ቶሎ እንጨርሰው ነበር፤ መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነውና ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ስለ ጤናዬ የሰማሽው እውነት ነው። ስኳሬን ጌታ ፈውሶታል። በቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ይዘን ነበር፤ ከሩቅ የመጣ አገልጋይ እጁን ጫነብኝ። ምን ልበልሽ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ሙቅ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ሰውነቴ ቀለለኝ። ያ የሚያቃጥለኝ የውሃ ጥም ጠፋ። ቤቴ ስገባ ክኒኔን ሽንት ቤት ጣልኩት። እሁድ ምስክርነት ስጪ ተብዬ ማይክ ያዝኩና ይህንኑ ተናገርኩ፤ አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ማን ያስቀምጠኝ። ዱራሜ ጠሩኝ፣ ሙዱላ ጠሩኝ፣ እዚሁ ሆሳዕና የማልጠራበት የጸሎት ቤት የለም። ሻይ ቤቱን ለሠራተኛዋ ትቼ እሄዳለሁ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ስናገር፣ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ወሬ እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ ለካ ጌታ ለዚህ ነው የፈጠረኝ እላለሁ። ተገኘ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ «ስኳርሽ ድኗል፤ ምላስሽን ደግሞ መቼ ይፈውሰው ይሆን?»

ሆስፒታል ሄደሽ ተለክተሻል ወይ ላልሽው፣ አልሄድኩም። ጌታ የሠራውን በመሣሪያ ልፈትነው? እናንተ ካቶሊኮች ሁሉን ነገር ቀስ ነው የምትሉት፤ አልቀየምሽም።

ቡላ የምትሸጠዋን ብርቅዬን ታስታውሻታለሽ፣ በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ያለችውን። አንዲት ልጇ ሀኒ አሁን የሕፃናት አስተማሪ ሆናለች፤ ጎበዝ፣ ሳቂታ ልጅ። እሷም ከትንሽነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ከምስክርነቱ በኋላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ ደስታችን።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ታናሽሽ አባይነሽ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ባለፈው ያችን አጭር ወረቀት ስልክልሽ ጽሑፍሽ ለምን ተንቀጠቀጠ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የቸኮልኩ መስሎሽ እንዲያልፍ ነበር ያሰብኩት። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ግን ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

ሻይ ቤት ውስጥ ወደቅኩ። ከዚያ በፊትም ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር፣ ውሃ በጆግ እጠጣ ነበር፤ የሰይጣን ማስፈራሪያ ነው እያልኩ እጸልያለሁ። የወደቅኩ ቀን ተገኘ ዱራሜ ድረስ ወሰደኝ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ክሊኒክ ስገባ የሚያየኝ ሰው አይጠፋማ። ለኩኝ። ሐኪሙ የተናገረኝን አልጽፍልሽም፤ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፣ እኔ ግን እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት።

ክኒን ጀምሬያለሁ። የት እንደደበቅኩት ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ ከስኳር ቆርቆሮው ሥር ነው። ሰው ሁሉ አባይነሽ ስኳር መፍራት ተወች ይላል፣ እኔ ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቁጥር ልቤ ይመታል።

ታዲያ ምስክርነቱን ተውሽ ወይ ትይኛለሽ። አልተውኩም። ባለፈው እሁድ ተጠርቼ ነበር፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናቶች ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ምን ብዬ ልቅር? ሄድኩ። ጠዋት ክኒኔን ዋጥኩ፣ ከሰዓት በኋላ ክኒኔን ጣልኩ ብዬ መሰከርኩ። አፌ ራሱ ለምዶታል፣ የት ላይ እንደሚያለቅሱ፣ የት ላይ እልል እንደሚሉ አውቃለሁ። ስጨርስ አንዷ አሮጊት እጄን ሳመችኝ።

ውሸት ነው እንዴ? የዚያን ቀን የተሰማኝ ሙቀት እኮ እውነት ነው። ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። ይህን ለራሴ እላለሁ፣ ከዚያ ጸሎት ልጀምር ስንበረከክ ስለ ሽንኩርት አስባለሁ፣ ስለ ከሰል አስባለሁ፣ ስለ ሠራተኛዋ ደመወዝ አስባለሁ፤ ጌታ ፊት ስቀርብ ብቻ ነው ይህ ሁሉ ሥራ ትዝ የሚለኝ። ፊቱን ላለማየት ይሆን?

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ብርቅዬ ሰላም ብላሻለች። ሀኒም የራሷን መድኃኒት ትታ በእምነት ቆማለች፤ ቀጠን ብላለች፣ ፊቷ ግን ያበራል ይላሉ። ጉባኤያችን ስለተቃረበ ሁላችንም ደፋ ቀና ላይ ነን።

አባይነሽ

አንጋጫ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባይዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን አደርሳለሁ። ስለ ሀኒ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ አለፍሽ። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ የተወችው ክኒን ነው ወይስ መርፌ?

የእኛ ክሊኒክ ሲስተር ከቅዳሴ ወጥታ ስትሄድ አስቆሜ ጠየቅኳት። ስምሽን አልጠራሁም። ክኒን የሚውጥ ሰው ቢያቆም ቀስ በቀስ ነው የሚጎዳው፤ አንቺም ለዚህ ነው ዳንኩ ያልሽው። ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ካቆመ ብዙ አይቆይም አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ክንዴን ይዛኝ ነበር።

የእኔና የእሷ አንድ በሽታ ነው ብለሽ እንደሆነ፣ ስሙ ነው አንድ።

አልፈርድብሽም። እኔ ቆርቤ በወጣሁ ማግስት ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ላይ የምሰዳደብ ሴት ነኝ፤ ቄሱም ኃጢአቴን በቃሉ ይዞታል፣ ሳልጨርስ እሱ ይጨርስልኛል። ግን እኛ ጥፋታችንን ለአንድ ሰው ጆሮ ነው የምንናገረው። አንቺ ሕዝብ ፊት ተናግረሽዋል፤ መመለስም ያለብሽ ሕዝብ ፊት ነው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ይቀልሻል ግን። የሕዝቡ ይቆይና መጀመሪያ ልጅቷ ቤት ሂጂ።

መልስ አትጻፊልኝ። ሂጂ።

ሊሻን

ሆሳዕና፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሄድኩ። መርፌ ነው።

ስገባ የጸሎት ቡድኑ ሞልቶ ነበር፤ ቀኑ የእነሱ ቤት ተራ መሆኑን ረስቼው። ብርቅዬ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሳችና ትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጌታ ራሱ ላካት አሉ። እንደ ሌላው ጊዜ ተናገሪ አሉኝ፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ አመለጥኩ። ሀኒን ግን አየኋት። እትዬ፣ ቀሚሷ ከእሷ ጋር የሚሄድ ልብስ አልነበረም፣ እሷ ውስጡ የጠፋች ነበር የምትመስለው። ጆግ ሙሉ ውሃ ከጎኗ አለ። ጾም ይዛለች አሉኝ።

ጓሮ አውጥቻት እንሰቱ ሥር ቆምን። ትንፋሿ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል።

«ሀኒዬ፣ መርፌሽን አትተዪ» አልኳት።

«ለምን፣ እናቴ?»

«ለጥንቃቄ ያህል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ለጥንቃቄ ብለሽ ወስደሻል?»

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር፣ እትዬ። ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ማይክ የለ፣ ሽማግሌ የለ። አፌም ተከፍቶ ነበር። ከቤት ውስጥ መዝሙር ሲጀምሩ ሰማሁ፣ ብርቅዬ በዚያ በሚሰበር ድምጿ ስትመራ። የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

«አልወሰድኩም» አልኳት።

ሳቀች። «እየፈተንሽኝ ነው አይደል? አልወድቅም» አለችና ጉንጬን ስማኝ ገባች።

ቤቴ አልሄድኩም፤ ቀጥታ ወደ ሽማግሌያችን ወደ ጋሽ ማቴዎስ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መውደቄን፣ ዱራሜን፣ ቆርቆሮውን፣ ልጅቷን። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ። ጉባኤው ደርሷል፣ ከየወረዳው እንግዳ ተጠርቷል፤ አሁን ብትናገሪ የጌታ ስም ይሰደባል፣ ሌላውም የሚያምነውን ያጣል አለኝ። ከጉባኤው በኋላ በሥርዓቱ እናስተካክለዋለን፣ ለብርቅዬ ደግሞ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለ። ቃል ገባልኝ።

ሽማግሌ ከያዘው በእጅ ያለ ነገር ነው ብዬ ተመለስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የዚያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ከጉባኤው ስንወጣ እጽፍልሻለሁ። ጸልዪልኝ፤ በማርያምም ቢሆን።

አባይነሽ

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብለሽ በሹፌሩ ላክሽብኝ። ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ቀብረናታል።

ጋሽ ማቴዎስ ለብርቅዬ አልነገራትም። የጉባኤው ድንኳን፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ፤ ነገ እነግራታለሁ ሲል ቀኑ ሄደበት። እሱን አልከስም። እኔ ነገሩን የሰጠሁት እንዲናገር ሳይሆን እኔ እንዳልናገር ነበር። ይህን ሬሳው ከቤት ሲወጣ ነው ያወቅኩት።

እንዴት ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ። እዚያ አልነበርኩም። ጉባኤው ላይ ለእንግዶች ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ ከመድረኩም ስሜን እየጠሩ የፈውስ ምሳሌ ያደርጉኝ ነበር። ሆስፒታል ያደረሷት ካለቀ በኋላ ነው ይላሉ።

ለቅሶውን ግን ልንገርሽ፤ ይህን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጌታ ወሰዳት ይሉ ነበር። ቀስ እያለ ሌላ ወሬ መጣ፤ መጨረሻ ላይ መርፌዋን ጠይቃ ነበር አሉ። እዚያ ላይ እምነቷ ላላ፣ ጠላት በር አገኘ፤ አባይነሽን እዩዋት፣ በዚያው በሽታ ተይዛ ጸናች፣ ይኸው ቁጭ ብላለች። ይህን የሚሉት ብርቅዬ እየሰማች ነው። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ጥቁር ሻሼን ወደ ዓይኔ ስቤ ተቀምጫለሁ። በቦርሳዬ ውስጥ የማታውን ክኒን ይዣለሁ።

ሰው ሲቀንስ ብርቅዬ እጄን ያዘችኝ። «አባይ፣ ልጄ ተጠራጥራ ነው የሄደችው። ጌታ ይቀበላት ይሆን?» አለችኝ።

ይቀበላታል አልኳት። ሦስቴ አራቴ አስደገመችኝ። ከዚያ «አንቺ ካልሽ እሺ፤ አንቺ ያመንሽ ነሽ» አለች፣ እጄንም አልለቀቀችም።

ሻይ ቤቱ ክፍት ነው። ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ። ስኳሬ ወርዷል።

አባይነሽ

አንጋጫ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባይዬ፣

ብዙ ጀምሬ ቀደድኩ። ለሀኒ ቅዳሴ አስደርጌያለሁ፤ የእናንተ ሥርዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እኔ የማውቀው ግን ይህንን ነው።

ነይልኝ ብለሽ እንድትጠሪኝ ጠብቄ ነበር። ብመጣ ታለቅሺብኛለሽ፣ አባብልሻለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳትናገሪ የምትቆዪበት አንድ ሳምንት ታገኚያለሽ። ስለዚህ አልመጣም። እህትሽ ነኝና እንዲህ ማለቱ ቀላል እንዳይመስልሽ።

ልጅቷን መመለስ አይቻልም። ስሟ ግን አሁንም እየተቀበረ ነው፤ ያውም በአንቺ ጤንነት። እናቲቱ ልጄ ጌታን ክዳ ሞተች እያለች ነው የምትተኛው፣ የምትነሳው። አንድ መርፌ መጠየቅ ክህደት ከሆነ አንቺ በየቀኑ ምን እያደረግሽ ነው? ይህን ከእሷ ላይ የሚያነሳ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሊያባርሩሽ ይችላሉ። ብርቅዬም ልትተፋብሽ ትችላለች። ቢሆንም ተናገሪ።

ሊሻን

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሊሻን፣

ለገና ስለማልመጣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጋሼ ለእኔ ብሎ ያስቀመጠውን ሥጋ ለልጆቹ ስጪልኝ። በሹፌሩ ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ ተናግሬያለሁ።

እሁድ ምስክርነት አለኝ አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ሰው በሐዘን ልቡ ስለወደቀ አበርቺያቸው ብለው ማይኩን ሰጡኝ። ብርቅዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አልተፈወስኩም አልኩ። ክኒን እየዋጥኩ ነው የመሰከርኩላችሁ አልኩ። ሀኒ ራሷ ጠይቃኝ ዋሸኋት፣ የሞተችው እምነት ጎድሏት አይደለም፤ እኔን አምና ነው አልኩ። እዚህ ስደርስ የኪቦርድ ተጫዋቹ መዝሙር ጀመረ፤ ማን እንዳዘዘው አላውቅም። ማይኩ ጠፋ። ያለ ማይክ ቀጠልኩ። ሰው ግን ለመዝሙሩ እየተነሳ ያጨበጭብ ነበር፤ ከኋላ ያሉት የሰሙኝ አይመስለኝም። ጋሽ ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ብርቅዬ አላጨበጨበችም። ወጣች።

ማግስቱን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ከጌታ እራት ታግደሻል አሉኝ። በዋሸሁት ከሆነ ይገባኛል ብዬ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የአምልኮ ሥርዓት ስላወክሽ ነው የሚለው። ተገኘ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አብረን ሄድን፤ ምንም አልቀለደም፣ ቀልዱ ናፈቀኝ።

የጸሎት ቡድኑ ሴቶች በሻይ ቤቱ ሲያልፉ መንገድ ይሻገራሉ። አንዷ ግን በጓሮ በር ገብታ የደም ግፊት ክኒኗን መልሳ መጀመሯን በሹክሹክታ ነገረችኝ። ለሰው እንዳትነግሪብኝ አለችኝ። እትዬ፣ ስቄ ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ትናንት ብርቅዬ መጣች። ሹፌሮቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስድቡን ጠበቅኩ፣ ምራቁንም ጠበቅኩ።

«ክኒኑን ስትውጪ ልጄ በሕይወት ነበረች?» አለችኝ።

«ነበረች።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፤ «መርፌዋን ስትጠይቀኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ። እጄን ይዛ ለምናኛለች። አባይነሽን እይ፣ ጽኚ አልኳት። እስከ እሁድ ድረስ ልጄ ደክማ ነበር፣ ጌታ ነው የወሰዳት እያልኩ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን እኔና አንቺ ነን።»

ይህን አላወቅንም ነበር፣ እትዬ። አንቺም አላወቅሽም፣ እኔም አላወቅኩም። የልጇን ስም መለስኩላት፣ በሌላ እጄ ይህን አስታቀፍኳት። ተናገሪ ይቀልሻል ብለሽኝ ነበር። አልቀለለኝም። ባልናገር ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብዬም አስባለሁ፤ መልሱን አላገኘሁትም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ትናንት ከብርቅዬ ፊት ቆሜ የማስበው ሽንኩርት አልነበረም፣ ከሰልም አልነበረም።

ሻይ ቀዳሁላት፣ አልነካችውም። ሹፌሮቹ ገቡ፣ እኛን አይተው ቶሎ ጠጥተው ወጡ። ሠራተኛዋን አስተናግጂ ብዬ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ እሷም ይቅር አላለችኝም። ጸሎትም አልጸለይንም፣ ጸሎት ሁለታችንም እናውቃለን፣ ማን ይጀምረው? ብቻ ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፣ አላነሳችውም።

አመሻሽ ላይ ልዘጋ ስነሳ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ነገስ ትከፍቻለሽ?» አለችኝ።

እከፍታለሁ አልኳት።

አባይነሽ